የእህታችሁ ልጅ «ኤጀንት አገኘ» ከተባለ

«ልጁን አንድ ኤጀንት አይቶት ወዶታል። አውሮፓ ለሙከራ ሊወስደው ነው። ለፕሮሰስ ግን ትንሽ ብር ጎድሏል።» ውጭ የሚኖር ሰው ይህን መልእክት እስካሁን በቴሌግራም ካልደረሰው አንድ ቀን ይደርሰዋል። ልጁ የእውነት ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ እሱን አልክድም። ብር ከመላካችሁ በፊት ግን ዕድሜውን ጠይቁ።

የፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዘዋወር ይከለክላል። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ግን ጠባብ ናቸው። 16 ዓመት የሞላው ልጅ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው መሄድ ይችላል፤ ይህ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ልጅ አይሠራም። ወላጆቹ ከእግር ኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት አገር ከቀየሩ ደግሞ ልጁ አብሯቸው ሄዶ መመዝገብ ይችላል። ብዙ ዳያስፖራ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እኔ ጋ ይምጣ፣ እኔው አሳድገዋለሁ» የሚል አጎት እንደ ወላጅ አይቆጠርም። ቪዛ ተገኘ ማለት ክለብ ሊያስመዘግበው ይችላል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ባርሴሎና፣ በ2019 ደግሞ ቼልሲ ከታዳጊዎች ዝውውር ጋር በተያያዘ ተጫዋች እንዳያስፈርሙ ታግደዋል። ለእነሱ ያልላላ ደንብ ለሰፈር ኤጀንት አይላላም።

አሜሪካ ያላችሁ «ቤዝቦል ላይ ልጆች ያስፈርሙ የለ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ሠላሳ ቡድኖች ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከቬኔዝዌላ ልጆችን በ16 ዓመታቸው ያስፈርማሉ። የማስፈረሚያው ወቅት በየዓመቱ ጃንዋሪ 15 ይከፈታል። ሠላሳውም ቡድኖች ዶሚኒካን ውስጥ አካዳሚ አላቸው። ሆሴ አልቱቬ በ2007 ለሂዩስተን አስትሮስ የፈረመው በ15 ሺህ ዶላር ነበር። ሁዋን ሶቶ በ2015 ለዋሽንግተን ናሽናልስ በ1.5 ሚሊዮን ፈረመ። በመሐል ግን «ቡስኮን» የሚባል፣ ግማሹ አሠልጣኝ ግማሹ ደላላ የሆነ ሰው አለ። ልጁን ከ12 ወይም ከ13 ዓመቱ ጀምሮ ያበላል፣ ያሳድራል፣ ያሠለጥናል። ልጁ ሲፈርም ከፊርማው ገንዘብ 30 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆርጣል። አብዛኛው ልጅ ደግሞ ትልቁ ሊግ ሳይደርስ ይቀራል፤ ያኔ ትምህርቱም አልፏል። እኔ እንደሚመስለኝ ያው ሰውዬ በእኛም ሜዳ ዳር ቆሟል።

የዕድሜ ነገርም ከዚያው መጥቶ እዚህ ይነካናል። ናሽናልስ በ2006 ኤስማይሊን ጎንዛሌዝ የተባለ የ16 ዓመት ልጅ በ1.4 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። በ2009 ሲጣራ ስሙም ዕድሜውም የእሱ አልነበረም፤ በአራት ዓመት ይበልጥ ነበር። በእኛም አገር ዕድሜ መቀነስ እንደ ጨዋታ የሚታይበት ቦታ አለ። ፊፋ ግን ከ2009 ጀምሮ በ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫው ዕድሜን ለማጣራት የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ ምርመራ፣ በኤምአርአይ፣ ያስመረምራል።

አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳይዋሽ ወረቀቱ እርስ በርሱ ይጣላል። ኅዳር 10 ቀን 2001 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ኖቬምበር 19፣ 2008 ነው የተወለደው። ተርጓሚው በችኮላ 7 መደመር ሲገባው 8 ከደመረ 2009 ይሆናል። ፓስፖርቱ አንድ ይላል፣ የትምህርት ቤቱ ካርድ ሌላ፣ የክለቡ መታወቂያ ሌላ። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ፓስፖርቱንና የክለብ መታወቂያውን ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ቀኑንም የአያት ስሙንም በፊደል አስተያዩ። ስህተት ካለ አሁን ይታረም። ልጁ ውል ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚመጣ እርማት ማጭበርበር ይመስላል።

ፊርማው ላይ አትቸኩሉ። በቤተሰብ ሕጋችን 18 ያልሞላው ልጅ አካለ መጠን አላደረሰም፤ ለእሱ የሚፈርሙት ወላጆቹ ወይም ሞግዚቱ ናቸው። እናቱ ለሥራ ዱባይ ከሆነች እዚያው ቆንስላ ሄዳ ፈቃዷን በጽሑፍ ታረጋግጥ፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተሙን ያረጋግጠዋል። ቤተሰቡ እናንተን ከክለቡ ጋር እንድትነጋገሩ ከፈለገ ደግሞ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ልዩ ውክልና ይስጣችሁ። ልዩ ይሁን፤ የልጁ ስም፣ ጉዳዩና እስከ መቼ እንደሚጸና ይጻፍበት። ለኤጀንቱ ጠቅላላ ውክልና? በጭራሽ! ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ምን እንደፈረመ የምታውቁት ከረፈደ በኋላ ነው።

ኤጀንቱን ማጣራት ቀላል ነው፣ ግን ማንም አያደርገውም። ፊፋ ፈቃድ የሚሰጠው ለግለሰብ እንጂ ለድርጅት አይደለም። ስለዚህ «ኩባንያችን ፈቃድ አለው» ካለ የራሱን ሙሉ ስም ጠይቁና በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ካለው የኤጀንቶች ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ። በዋትስአፕ የተላከ የፈቃድ ፎቶ አይቆጠርም። ፈቃድ ያለው ኤጀንት ታዳጊን ከማነጋገሩ በፊት የወላጅ ወይም የሞግዚት የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ አለበት። ከተጫዋች ጋር የሚገባው ውልም ከሁለት ዓመት አይበልጥም፤ «እስከ 23 ዓመቱ የእኛ ነው» የሚል ወረቀት ከመጣ አትፈርሙ። ድርሻውን የሚያገኘው ልጁ ውል ሲፈርም ነው። ቀድሞ ከቤተሰብ ብር የሚጠይቅ ኤጀንት ሥራው ቤተሰብ ነው፣ እግር ኳስ አይደለም።

አንድ ሌላ ማባበያም አለ። «ሲሸጥ 5 በመቶው የእናንተ ነው» ይባላል። 5 በመቶ የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። ግን የሚከፋፈለው ተጫዋቹን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑ ክለቦች ነው፤ ቤተሰብ ከዚያ ሳንቲም አያገኝም። ለሰፈሩ ፕሮጀክት ግን ትልቅ ነገር ስለሆነ ልጁ በፌዴሬሽኑ በታወቀ ክለብ ስም በትክክል መመዝገቡን አሠልጣኙን በስልክ ጠይቁት።

መርዳት ከፈለጋችሁ የትምህርት ቤት ክፍያውን በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ክፈሉ፣ ጫማ ላኩ። ልጁ 18 ሞልቶት እውነተኛ ክለብ ሲመጣ የዝውውር ሰርተፍኬቱ ከፌዴሬሽን ወደ ፌዴሬሽን በፊፋ ሲስተም ይላካል፣ ክፍያም የለውም። «ሰርተፍኬቱን አውጥቼለታለሁ፣ 500 ዶላር ላኩ» የሚላችሁ ሰው ካለ ስልኩን ዝጉት።