በመርከብ ጉዞ ለፎርማል ምሽት ምን ይለበሳል? ከጎንደር ሻንጣ ለሚያዘጋጅ ሰው

ታላቅ እህቴ ከጣሊያን ደውላ «ሰባት ሌሊት በመርከብ እንዞራለን፤ ሁለቱ ምሽት ፎርማል ስለሆነ ተዘጋጅተሽ ነይ» ስትለኝ እናታችን አጠገቤ ነበረች። «ታንኳ ላይ ለመቀመጥ ምን ማጌጥ ያስፈልጋል?» አለች። እሷ በውኃ ላይ ስትሄድ ያየችው ጎርጎራ ላይ ብቻ ነው። እኔም ከእሷ አልሻልም ነበር፤ ድፍን ሁለት ሳምንት ፒያሳን ስዞር ከረምኩና የሚዜ ቀሚስ የመሰለ አብረቅራቂ ሳቲን ገዛሁ። ሳቲኑ ከሻንጣው ሳይወጣ ሄዶ ሳይወጣ ተመለሰ፤ የለበስኩት የሐበሻ ቀሚሴን ነው። አሁን ልጆቻቸው ከውጭ የጋበዟቸው የሰፈራችን ሰዎች መጥተው ስለሚጠይቁኝ፣ ለሁሉም የምለውን አንድ ጊዜ ልጻፈው።

1. የመርከቡን ደንብ ማንበብ

«ፎርማል»፣ «ጋላ»፣ «ኤሌጋንት» የሚሉት ቃላት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ለሠርግ የምትለብሱትን ልበሱ ማለታቸው ነው። «ስማርት ካዡዋል» የተባለው ምሽት ግን ንጹሕ ሱሪና ሸሚዝ፣ ወይም ቀለል ያለ ቀሚስ ይበቃዋል። የሰባት ሌሊት ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ፎርማል ምሽት አለው። ከመርከብ ኩባንያዎቹ መካከል ካርኒቫል ከሁለት እስከ አምስት ቀን ለሚፈጀው ጉዞ አንድ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ሁለት ያደርጋል። ኩናርድ ጠበቅ ይላል፦ በጋላ ምሽት ወንዱ ቱክሲዶ (በፓፒዮን የሚለበስ የክብር ሱፍ) ወይም ጠቆር ያለ ሱፍ ከነከረባቱ መልበስ አለበት፤ አንዳንዱን ምሽት «ጥቁርና ነጭ» ወይም «ጭምብል» ብሎ ይሰይመዋል። ኖርዌጂያን ደግሞ ማንንም አያስገድድም፤ ከወደዳችሁ ታጌጣላችሁ፣ ካልወደዳችሁ ትተዉታላችሁ።

ሰዓቱን ልብ በሉ። ፕሮግራሙ ላይ 18፡00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር የምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ፎርማል ምሽት ብዙ ጊዜ የሚውለው መርከቡ ወደብ ሳይነካ ባሕር ላይ በሚውልበት ቀን ነው፤ ያም ሁለተኛው ምሽት ሊሆን ይችላል። እስከዚያ እዘጋጃለሁ ብላችሁ አትዘናጉ።

2. ልብሱን መምረጥ

ባዕድ ልብስ አትግዙ። የአገር ባህል ልብስ፣ የክብር ልብስ እስከሆነ ድረስ፣ በፎርማል ምሽት ቦታ አለው። ከጥምቀት ወይም ከሠርግ የተረፈ የሐበሻ ቀሚስ ያላት ሴት ጉዳዩን ጨርሳለች። ነጭ ልብስ ጥቁር በለበሰ ሕዝብ መሐል እንዴት እንደሚያበራ እዚያ ስትገቡ ታዩታላችሁ። ጥርጣሬ ካላችሁ ለኩባንያው ጻፉና ጠይቁ፤ አንዲት አጭር ኢሜይል ትበቃለች።

የቀሚሱ ርዝመት ግን ይታሰብበት። እኛ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ እንወዳለን። መርከቡ ላይ ደረጃው ብዙ ነው፣ ወለሉም ሁልጊዜ እርጉ አይደለም። የቀሚሳችሁን ጠርዝ ከቁርጭምጭሚት ከፍ አስደርጉት። ልብስ ሰፊው «ጥልፉ ይቆረጣል» ብሎ ሊከራከራችሁ ይችላል፤ እንዳይቆርጥ፣ ከወገብ ላይ ያሳጥረው።

ለወንዶች፦ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት ወይም ፓፒዮን። ቱክሲዶ ለመከራየት አትድከሙ። እጀ ጠባብ ከነሱሪውና ከኩታው ጋርም ያምራል፤ ጃኖ ያለው ሰው ካለማ ከጎኑ መቆምም አይቻል! ስኒከር ግን አይሆንም። ጥቁር ቆዳ ጫማችሁን ከመሄዳችሁ በፊት ለሊስትሮ ስጡት።

3. ቀሚሱን ሳይጨማደድ ማድረስ

እኔ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ረዘም ያለ ነገር አለኝ።

የሐበሻ ቀሚስ የሚሠራበት ፈትል መጨማደዱን የማይደብቅ ጨርቅ ነው። አንዴ ከታጠፈ የታጠፈበትን መስመር ይይዛል፤ በላዩ ላይ ሻንጣ ውስጥ የበርበሬና የሽሮ ከረጢት ከተጫነበት ደግሞ ቀን ከሌሊት እንደተቀመጡበት ይሆናል። ይህን ስለማውቅ ትንሽ የእንፋሎት መተኮሻ ገዝቼ ይዤ ነበር። ወደ መርከቡ ስንገባ ሻንጣው እንደ አውሮፕላን ማረፊያ በማሽን ያልፋል። መተኮሻዬ እዚያው ቀረ፤ ደረሰኝ ሰጡኝና በመጨረሻው ቀን መለሱልኝ። ካውያም ሆነ የእንፋሎት መተኮሻ በየክፍሉ መጠቀም በእሳት አደጋ ምክንያት የተከለከለ ነው። መንገድ ላይ ማንም አልነገረኝም። ደንቡ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔ አላነበብኩትም።

በሁለተኛው ምሽት እራት ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው ቀሚሴን ከሻንጣ አወጣሁት። ደረቱ ላይ ያለው ጥልፍ መሐል ለመሐል ታጥፎ ነበር። ልብስ መተኮሻ ክፍል አለ ሲሉኝ ሮጬ ወረድኩ፤ ከፊቴ ዘጠኝ ሰው ተሰልፏል፣ ካውያው ሁለት ነው። ተራዬ ሲደርስ በጥድፊያ ካውያውን በቀጥታ ጥለቱ ላይ አሳረፍኩት። ወርቃማው ክር ሽምቅቅ አለ። ጣት የምታህል ቦታ ነች፣ ግን እስካሁን አለች።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ቀሚሱን ከመሄዴ ሁለት ቀን በፊት ቤቴ ውስጥ፣ ከውስጥ በኩል ገልብጬ፣ በላዩ ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አድርጌ እተኩሰዋለሁ። ጥለቱን ካውያ በቀጥታ አይነካውም። በደንብ እስኪደርቅ ተሰቅሎ ያድራል፤ እርጥበት ይዞ የገባ ፈትል ሻንጣ ውስጥ ይሸታል። ከዚያ አልጋ ላይ እዘረጋውና ጋቢዬን ከላዩ አነጥፋለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከታች ጀምሬ እንደ ምንጣፍ እጠቀልላቸዋለሁ። ጥልፉ የጥቅሉ መጨረሻ፣ ማለትም ላይኛው ዙር ላይ ይውላል። ጥቅሉ ሻንጣው ውስጥ ከሁሉም በላይ ይቀመጣል። በርበሬው ከታች፣ በሌላ ፌስታል ታስሮ።

ክፍላችሁ እንደገባችሁ፣ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት፣ ቀሚሱን ፈታችሁ ስቀሉት። ገላችሁን በሙቅ ውኃ ስትታጠቡ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሰቅላችሁ በሩን ዝጉ፤ እንፋሎቱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። የቀረውን መዳፋችሁን በውኃ አርጥባችሁ ከላይ ወደ ታች አብሱት፣ ጠርዙንም ቀስ እያላችሁ ወጠር አድርጉት። አድሮ ሲደርቅ ልክ ይገባል። የግድ ካውያ ካስፈለጋችሁ መርከቡ የሕዝብ መተኮሻ ክፍል እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሁሉም የለውም። ካለው ጧት ሂዱ። ከሌለው ለአስተናጋጁ በክፍያ ይሰጣል፣ ዋጋውም በልብስ ቁጥር ነው።

መስቀያ አይበቃችሁም። የብዙ መርከብ ክፍል ግድግዳው ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው ማንጠልጠያ ይይዝላችኋል። ሁለት ሦስት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ ያልተቆጨሁበት እሱን ብቻ ነው።

4. በእጅ ሻንጣ የሚያዝ

ትልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ታስረክባላችሁ፤ ክፍላችሁ በር ላይ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ሲመሽ ነው። የመጀመሪያውን ምሽት ልብስ፣ መድኃኒትና ፓስፖርት ከእጃችሁ አትለዩ። ወርቅ ካላችሁም እንደዚያው፣ ምንም እንኳ እኔ ወርቁን እቤት ትቼ የብር መስቀል ብቻ ባደርግ እመርጣለሁ።

5. ጫማ፣ ጠጉር፣ ነጠላ

ሹል ታኮ ተዉት። ወለሉ ትንሽ ሲወዛወዝ ከቀሚሱ ጋር ተያይዛችሁ ትወርዳላችሁ። ሰፊ፣ አጭር ታኮ ይበቃል።

ጠጉራችሁን ከጎንደር ሳትወጡ ሹሩባ ተሠሩ። ደርቡ ላይ ያለው ንፋስ ማንኛውንም ፓይስትራ ያፈርሳል፣ መርከቡ ላይ ያለው የውበት ሳሎን ደግሞ ውድ ነው።

ነጠላው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣው እንደ ደባርቅ ያንዘፈዝፋል፤ ከረባት ያሰሩትም፣ ጀርባቸው የተራቆተ ቀሚስ የለበሱትም ሲንቀጠቀጡ እኔ በነጠላዬ ተሸፍኜ በላሁ። ስትለብሱት ግን ተጠንቀቁ። የእህቴ ልጅ እዚያው ጣሊያን ያደገች ናትና አዘቅዝቃ ለብሳው ነበር። ፈረንጆቹ «እንዴት ያምራል» አሏት፤ እኔ ግን ለቅሶ የሄድን መስሎኝ ሮጬ አስተካከልኩላት።

6. መልበስ ካልፈለጋችሁ

ማንም አይጎትታችሁም። ቡፌው ክፍት ነው፤ በሱሪና በሸሚዝ ገብታችሁ ትበላላችሁ። ሁለተኛው ፎርማል ምሽት ላይ ደክሞን እንዲያ አደረግን፣ ደስ ብሎናል።

7. ፎቶው

በፎርማል ምሽት ፎቶ አንሺዎች በየደረጃው ዳር ይቆማሉ። ማንሳቱ ነጻ ነው፣ ፎቶውን መውሰዱ ግን ይከፈልበታል፤ ዋጋውም አይቀመስም። ከእራት በፊት፣ ልብሱ ሳይጨማደድ፣ በራሳችሁ ስልክ ተነሡ። እኔም አንዱን ለእናቴ በቴሌግራም ላክሁላት። ትልቁ ደረጃና መብራቱ ሁሉ ከኋላዬ ይታያል። ደወለችልኝ፤ ስለ መርከቡ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። «ጥለቱን ምን ነካብሽ?» አለች።