የሮማን የወርቅ ሳንቲም እንዴት እናንብብ?

ነጋሪት የማይሰማበት አገር ድረስ የሮማ ንጉሠ ነገሥት አዋጅ በወርቅ ሳንቲም ይደርስ ነበር። ለመልመጃ የንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኖስን (እ.ኤ.አ. 527–565) ሶሊደስ የተባለ የወርቅ ሳንቲም እንያዝ፤ በብዙ ሙዚየሞች ይገኛል፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው።

መጀመሪያ ይመዝኑት። ጠርዙን በሁለት ጣት ይያዙ፤ በጭራሽ አይወልውሉት። ቆስጠንጢኖስ ከአንድ ሊትራ (የሮማ የክብደት መለኪያ) ወርቅ 72 ሳንቲም እንዲመታ ስላዘዘ ሶሊደስ 4.5 ግራም ገደማ ነው። ከ7 እስከ 8 ግራም ከሆነ የቀድሞው የወርቅ ሳንቲም፣ አውሬየስ፣ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር የዘውዱን ጎን ያንብቡ። ቃላቱ በአጭሩ ነው የሚጻፉት፦ «ዲ ኤን» ጌታችን፣ «ኤ ቪ ጂ» አውግስጦስ። ከ538 ወዲህ ንጉሡ ፊት ለፊት ይታያል፤ በእጁ የያዛት መስቀል ያለባት ኳስ ዓለም ናት።

አሁን ይገልብጡት። እዚህ ጋ አይቸኩሉ፣ ዋናው ነገር ያለው ጀርባው ላይ ነው። የቆመውን ሰው ማንነት ለማወቅ ፊቱን ትተው እጁን ይዩ። ሚዛን የያዘች ሴት ርትዕ ናት፤ የወይራ ቅርንጫፍ ከያዘች ሰላም፣ የመርከብ መሪ ከያዘች ዕድል። ሹል ቆብ ነፃ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ስለሆነ ነፃነት ማለት ነው። ብሩቱስ ቄሳርን ከገደለ በኋላ ባስመታው ሳንቲም ላይ ቆቡን በሁለት ጩቤዎች መካከል አስቀረጸው፤ ከዚህ የበለጠ ደፋር ሳንቲም አላውቅም። አውግስጦስ ደግሞ ግብፅን መያዙን ለማብሰር አንድ አዞ በቃው።

በእኛ ሶሊደስ ላይ ክንፍ ያለው መልአክ ረጅም መስቀል ይዞ ቆሟል። ዙሪያውን ግን «ቪክቶሪያ»፣ ድል፣ ይላል። ድል ለዘመናት ክንፍ ያላት ሴት አምላክ ነበረች፤ የአፄ ካሌብ ዘመነኛ በነበረው በንጉሠ ነገሥት ዩስቲኖስ ጊዜ ወደ ወንድ መልአክ ተለወጠች። ስሟን የነካው የለም። እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ አሮጌው እምነት በአዲሱ ልብስ ውስጥ ቆሞ ይታያል።

በመጨረሻ ከመልአኩ እግር በታች ያሉትን ፊደላት ይዩ፦ «ኮኖብ»። «ኮን» ቁስጥንጥንያ፣ «ኦብ» የነጠረ ወርቅ ነው፤ «ኦብ» በግሪክ የፊደል ቁጥርም 72 ይሆናል።

ዓይንዎ ከለመደ ኢዛና ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ያስመታውን የወርቅ ሳንቲም በዚሁ መንገድ ይሞክሩ። በፊት ጨረቃ በነበረችበት ቦታ መስቀል ያገኛሉ፤ የንጉሡን ምስል ግራና ቀኝ ያቀፈው ደግሞ የእህል ዛላ ነው።