«እንጨት ነው እኮ» እያልን በየምድጃው የምንሠራቸው ስህተቶች

ፈርኒቸር ቤት በምሠራበት ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጣ አንድ አይሱዙ ነበር። የሳምንቱን ቁርጥራጭ ጠራርጎ ይወስዳል። ኤምዲኤፍ፣ ቺፕውድ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ቀለም የተቀባ አሮጌ በር፣ ሰጋቱራ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ወርክሾፑ ይጸዳልናል፣ ሹፌሩም ጥቂት ብር ይሰጠናል። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዳቦ ቤት ነበር የሚሄደው። እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት ዳቦ የምገዛበት ዳቦ ቤት።

አንድ ቀን በጓሮ በኩል ዞሬ ገባሁ። እሳት አንዳጁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው፣ የኪችን ካቢኔት በር በመጥረቢያ እየሰበሩ ነበር። አረንጓዴ ቀለሙ እንዳለ ነው። ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ነጭ ፕላስቲክ እሳት ሲነካው እንደ ትል ተጠቅልሎ ጠቆረ፤ ወዲያው አፍንጫ የሚወጋ ሽታ መጣ። ጋሼ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠርገው «እንጨት ነው እኮ ልጄ፣ ምን ይሆናል» አሉኝ። ከዚያ ሳል ያዛቸው።

ትልቁ ስህተት ይሄው ነው፤ እንጨትን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ እንጨት ነው። ሙጫው ብዙ ጊዜ ዩሪያ ፎርማልዴይድ የሚባለው ሲሆን ከክብደቱ አንድ አስረኛ የሚጠጋውን ይይዛል። በደንብ ሳይነድ ሲቀር ፎርማልዴይድ ይለቃል፣ ይህ ደግሞ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር ነው። ሙጫው ናይትሮጅን ስላለበት ሌላም መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ጠርዙ ላይ ያለው ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ ውስጥ ክሎሪን አለ፤ ሲቃጠል አሲድ ይሆናል፣ ጭሱ ሲቀዘቅዝ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ ደግሞ ዳዮክሲን ይፈጠራል። ዳዮክሲን በጣም ጥቂቱ የሚጎዳና ሰውነት ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ መርዝ ነው። የአውሮፓ ሕግ ቆሻሻ የሚያቃጥሉ ፋብሪካዎች ጭሱን ቢያንስ በ850 ዲግሪ ለ2 ሰከንድ እንዲያቆዩት የሚያስገድደው ለዚህ ነው። የሰፈር ዳቦ ቤት ምድጃ ይህን ሙቀት በየደቂቃው ሊጠብቅ አይችልም። ዳቦው እሳቱ በነደደበት ክፍል ውስጥ የሚጋገር ከሆነ ደግሞ አስቡት፤ ጭሱ የነካውን ሁሉ ዳቦው ይነካዋል።

ቀለም ሌላ ጣጣ ነው። አገራችን ውስጥ በቀለም ውስጥ ያለውን ሊድ (እርሳስ የሚባለውን መርዘኛ ብረት) በ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ የሚገድብ ደንብ አለ፣ ግን ከደንቡ በፊት የተቀቡት በሮችና መስኮቶች ናቸው ዛሬ እየተነቀሉ ምድጃ የሚገቡት። ሊድ እሳት ውስጥ አይጠፋም። ከጭሱ ጋር ወጥቶ በደቃቅ ብናኝ መልክ በሰፈሩ ላይ ይወርዳል። ልጆች ላይ ጉዳት የማያደርስ የሊድ መጠን እስካሁን አልተገኘም።

በመድኃኒት የተነከረ ምሰሶ፣ የአሮጌ መብራት ወይም የስልክ እንጨት ማለቴ ነው፣ ከሁሉም ይብሳል። አንዳንዱ በመዳብ፣ በክሮሚየምና በአርሴኒክ ድብልቅ የታከመ ነው፣ ሌላው በክሬኦሶት፣ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ በሚወጣ ጥቁር ዘይት። ምስጥ እንዳይበላው የተደረገ እንጨት ነው፤ ምስጥ የፈራውን እኛ ሳንባችን ውስጥ መክተት የለብንም። በጭራሽ አይቃጠል።

ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አሮጌ እንጨትን በአራት ደረጃ ከፍለው ነው የሚይዙት፤ ምንም ያልነካው አንደኛ፣ የተነከረው አራተኛ። እኛ አራት ባንል ሁለት ቦታ መለየት አያቅተንም። ያልተቀባ፣ ያልተጣበቀ፣ ያልተነከረ ጣውላ፣ ሞራሌና አጣና አንድ ወገን። ሌላው ሁሉ ሌላ ወገን። መለየት ያለበት ደግሞ ፈርኒቸር ቤት እያለ ነው፤ አንዴ አይሱዙ ላይ ከተቀላቀለ ማንም አይለየውም። ፓሌት ከሆነ ማኅተሙን እዩ፦ ኤችቲ (HT) የሚል የላቲን ፊደል ካለበት በሙቀት ብቻ የታከመ ነው፣ ኤምቢ (MB) ካለ ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል ጋዝ ታጥኗልና ተዉት።

ሁለተኛው እርጥብ እንጨት ነው፣ ይሄ እንኳን ኪስም ይጎዳል። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግማሽ የሚጠጋው ክብደቱ ውሃ ነው። በኩንታል ከገዛችሁት 50 ኪሎ ገደማ ውሃ ገዛችሁ ማለት ነው። እሳቱ መጀመሪያ ያን ውሃ ማፍላት አለበት፣ ስለዚህ ምድጃው ይቀዘቅዛል፣ ጭሱ ነጭና ወፍራም ይሆናል፣ ጭስ ማውጫው ውስጥ ጥቁር ሬንጅ ይጋገራል። በደንብ የደረቀ እንጨት በኪሎ እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ሁለት ፍልጥ አጋጩ፤ ደረቅ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ እርጥብ ከሆነ ድፍን ይላል። ጫፉ ላይ መሰነጣጠቁንም እዩ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ላዩን በቆርቆሮ ከልሎ፣ ጎኑን ለነፋስ ክፍት ትቶ መከመር ነው።

ሰው ግን ቺፕውድን የሚወደው ደረቅ ስለሆነ ነው፣ ቶሎ ይያያዛል። እውነት ነው። መብራት በየጊዜው ይጠፋል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለውም ሰው ሊጡ እየቦካ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይችልም፣ ገበያውም አይጠብቅም። ይገባኛል። ለዚያ ቀን ብላችሁ ንጹሕ ደረቅ እንጨት ቀድማችሁ አስቀምጡ ነው የምለው።

ምድጃ አፍኖ ማሳደር። እንጨት ይቆጥባል ብለው የአየር ማስገቢያውን ዘግተው፣ ምድጃውን እስከ አፉ ሞልተው የሚሄዱ አሉ። እሳት አየር ካጣ አይነድም፣ ይጨሳል። ጥላሸቱ፣ ፎርማልዴይዱ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሁሉ የሚበዛው ያኔ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ብርድ ሲመጣ በከሰል ጭስ ቤተሰብ አለቀ የሚል ዜና እንሰማለን አይደል? ያው ጋዝ ነው። የዳቦ ቤት ሠራተኛ ደግሞ ሙቀት ፍለጋ ምድጃው አጠገብ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል። እባካችሁ ይህን ነገር ዛሬውኑ አስቁሙ። ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ፣ አየር እየሰጡ፣ ነበልባሉ ደማቅ ሆኖ እንዲነድ ማድረግ ነው ትክክሉ። ሰጋቱራ በአካፋ መበተንም እንዲሁ ነው፤ ወይ ታፍኖ ይጨሳል፣ ወይ ባንዴ ቦግ ብሎ ፊት ያቃጥላል።

በፌስታል፣ በጎማ ወይም በተቃጠለ ዘይት እሳት ማቀጣጠል፦ አታድርጉት። ጭራሮ ይበቃል።

ጭስ ማውጫ ማስረዘም መፍትሔ ይመስላል። ጎረቤት ሲጮህ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ ይቀጠላል፣ ጩኸቱም ይቀንሳል። ጭሱ ግን አልቀነሰም፣ ከአጠገብ ጎረቤት ወደ ማዶ ጎረቤት ሄደ እንጂ። በተለይ በበጋ ሌሊት፣ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ ሲከድነው፣ ጭሱ ወደ ላይ አይሄድም። ከኅዳር እስከ ጥር ንጋት ላይ አዲስ አበባን ከእንጦጦ ያየ ያውቀዋል። ጭስ አየር ያጠራል የሚለው እምነትም አብሮን አለ፤ ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው የ1911 ዓ.ም.ን የኅዳር በሽታ እያሰብን ነው። መታሰቢያውን አከብራለሁ፣ ጭሱ ግን የሚያጠራው ነገር የለም።

ቦይለር ያላቸው ፋብሪካዎች ደግሞ «ሳይክሎን አስገጥመናል» ይላሉ። ሳይክሎን ጭሱን እያሽከረከረ ብናኝ የሚለይ ዕቃ ነው፤ ትልልቁን ብናኝ ብቻ ነው የሚይዘው። ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ገደማ የሚያንሰው ደቃቁ፣ ሳንባ ጥግ ድረስ የሚገባው፣ ያመልጠዋል። ለእሱ የጨርቅ ማጣሪያ ወይም የኤሌክትሪክ ማጣሪያ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ለዚህ ደቃቅ ብናኝ የዓመት አማካይ በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው የሚፈቅደው። ጭስ አይታይም ማለትም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ አርሴኒክና ዳዮክሲን በዓይን አይታዩም። ሕግ የለም የሚል ካለ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። ቶሎ የማይጠፉ መርዞችን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነትም እንጨት የሚያነዱ ተቋማትን ከዳዮክሲን ምንጮች አንዱ አድርጎ ዘርዝሯቸዋል፣ ኢትዮጵያም አባል ናት።

በመጨረሻ አመዱ። ሰው የሚረሳው እሱን ነው። እዚያ ዳቦ ቤት ጓሮ አንዲት እናት በየሳምንቱ የወተት ጣሳ ይዘው ይመጡ ነበር። ግማሹን ለድስት ማጠቢያ፣ ግማሹን ባቄላ እንዳይነቅዝ ለመቀላቀል፣ የተረፈውን ለጎመን መደባቸው። የንጹሕ እንጨት አመድ ለዚህ ሁሉ ድሮም ያገለግላል። ከተቀባ በርና ከተነከረ ምሰሶ የወጣው ግን ሊዱም፣ አርሴኒኩም፣ ክሮሚየሙም የተጠራቀመበት ነው፤ እሳት ብረትን አያጠፋም፣ ያጠራቅመዋል። እንዲህ ያለ አመድ ካላችሁ ትንሽ ውሃ ረጭታችሁ፣ ጆንያ ውስጥ አስራችሁ፣ ከሰውና ከጓሮ አርቁት። እሳቸው ጣሳቸውን ይዘው ሲመጡ ባዶ እጃቸውን መመለስ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ንጹሕ እንጨት ብቻ ያነደዳችሁበትን ቀን አመድ ለብቻው በባልዲ አስቀምጡላቸውና ከዚያ ስጧቸው።