ከኪኒን ወደ ኢንሱሊን ሲሸጋገሩ

ሐኪሙ ለስኳር ሕመምዎ ኢንሱሊን ካዘዘልዎት ከጅማ ሳይወጡ ይጠይቁ፦ የትኛው ኪኒን ይቆማል? ስንት ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያ)? በስንት ሰዓት? ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ያስጽፉ፤ «8» ብቻ ከተባለ ጠዋት 2 ይሁን ከቀትር በኋላ 8 አይታወቅም።

ብልቃጡ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ (U-100) ከሆነ ሲሪንጁም የ100 ይሁን። በ40ው ሲሪንጅ ከቀዱ መጠኑ 2 እጥፍ ተኩል ይሆናል፤ ይህ ሰው ይገድላል።

ነጭ የሚመስለውን፣ ኤንፒኤች (NPH) የተባለውን የኢንሱሊን ዓይነት በመዳፍዎ መሃል 10 ጊዜ ያህል በቀስታ ያንከባልሉት እንጂ አይናጡት፤ አረፋ መጠኑን ያጎድላል። ከዚያም በኋላ የጓጎለ ነገር ከታየበት ይጣል። ሆድ ላይ ሲወጉ ከእምብርት ሁለት ጣት ይራቁ፤ ቦታም ይቀያይሩ። የደነደነ ቆዳ ኢንሱሊኑን በቅጡ አያሳልፍም።

ፍሪጅ ከሌለ ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልለው እርጥብ አሸዋ በያዘ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ጥላ ላይ ያኑሩት። ወደ አጋሮ ወይም ሰቃ ሲመለሱ የሚኒባሱ መስኮት ሥር እንዳያስቀምጡት። የተከፈተው ከ4 ሳምንት በኋላ፣ በረዶ የሠራው ወዲያው ይጣላል።

ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ ወይም ስኳርዎ ከ70 (mg/dL) ከወረደ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ ማር ይውሰዱ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሐኪም ቤት ነው። ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ የኢንሱሊኑን መጠን ያስተካክልልዎ።