ከዶሮ ኩስ ጋር ዝንብ በል ማይቶችን ጠርጎ ላለማውጣት

ዝንብ ሲበዛ ከቆጡ ሥር የተከመረውን ኩስ በአንድ ቀን ሙልጭ አድርጎ ማውጣት የተለመደ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዝንቡ ብሶበት ይመለሳል። አዲሱ እርጥብ ኩስ ዝንብ ይጠራል፤ እንቁላሏን የሚበሉት ማይቶች፣ ደቃቅ የመዥገር ዘመዶች፣ ደግሞ ከአሮጌው ጋር ተጠርገዋል።

ዋናዋ ማይት ማክሮኬሌስ ትባላለች፤ ቡናማ፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ሯጭ። በቀን እስከ 20 የዝንብ እንቁላል ትጨርሳለች፤ ገና የተፈለፈለ እጭም ትበላለች። በሙቀት ወቅት ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ለአካለ መጠን ትደርሳለች። ከክምር ወደ ክምር የምትጓዘው ራሷ ዝንቧ ላይ ተንጠልጥላ ነው።

መኖሯን ለማየት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ከወገቡ ቁረጡ። ክዳኑን አውልቁና አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በታችኛው ግማሽ ላይ አስቀምጡት። ውስጡ የሽቦ ወንፊት አንጥፉ፤ ከክምሩ ገጽ፣ ከላይኛው 3 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለት እፍኝ ኩስ ጨምሩ። ከታች ጥቂት ሳሙና የገባበት ውኃ ይኑር። 25 ዋት የሚያሞቅ አምፖል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ለ24 ሰዓት አብሩ። ማይቶቹ ሙቀትና ብርሃን ሲሸሹ ውኃው ውስጥ ይወድቃሉ፤ በአጉሊ መነጽር ይታያሉ። ኤል ኢ ዲ አምፖል አያሞቅምና አይሠራም። አምፖሉ ከቀረበ ደግሞ ኩሱ ቶሎ ደርቆ ማይቶቹ ሳይወርዱ ይሞታሉ።

ካገኛችኋቸው ኩሱን በግማሽ በግማሽ አውጡ። አንዱን ጎን ዛሬ፣ ሌላውን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይታችሁ። በምታወጡበትም በኩል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ደረቅ አሮጌ ኩስ ከሥር ይቅር።

ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ውኃ ነው። ኩሱን ጨብጣችሁ ስትጨምቁት በጣታችሁ መሃል ከፈሰሰ የዝንብ እጭ ይፈላበታል፤ መጀመሪያ የሚያፈስሰውን የውኃ መጠጫ ጠግኑ።

የዝንብ መድኃኒት ኩሱ ላይ በፍጹም አትርጩ። እጩ ጠልቆ ይተርፋል፣ ገጹ ላይ የምትሮጠው ማይት ትሞታለች። ዝንብ የሚያርፍበትን ግድግዳ ብቻ እርጩ።

የዶሮ ደም የሚመጥጠው ቀይ ማይት ሌላ ነው፤ ቀን የቆጥ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፣ ሌሊት ይወጣል። እሱን አትማሩት።

ሁሉን ማውጣት ግድ ከሆነ ከራሳችሁ ጤናማ የዶሮ ቤት አንድ ባልዲ አሮጌ ኩስ በአዲሱ ላይ በትኑ። መንጋው ታሞ ከነበረ ግን ምንም አይትረፍ።