ቤት ከመሸጥ በፊት የትኛው እድሳት እንደሚያዋጣ እንዴት መወሰን ይቻላል?

ቤቱን ለመሸጥ የወሰነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «ምኑን ላሳምረው?» የሚል ነው። ገዢ ግን ቤት ሲያይ ያማረውን ከማድነቅ ይልቅ ነገ ከኪሱ የሚያስወጣውን ማስላት ይቀናዋል። ኮርኒስ ላይ አንድ ቡናማ የውሃ ምልክት ያየ ሰው ከዋጋው ላይ የሚቀንሰው የጥገናውን ወጪ ብቻ አይደለም፤ ከኮርኒሱ በላይ ያላየውንና በግምት የጨመረውን ጉዳት ጭምር ነው። በዚህ ምክንያት የእድሳት ውሳኔ መነሳት ያለበት ገዢውን ምን እንደሚያስፈራው ከማወቅ ነው፤ ማሳመሩ ከዚያ በኋላ፣ ገንዘብና ጊዜ ከተረፈ ይመጣል።

ማን ሊገዛው እንደሚችል መገመት

ቦታው ከቤቱ የበለጠ ዋጋ የሚያወጣ ከሆነ ገዢው አፍርሶ አዲስ ሊሠራ ያሰበ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ላለው ገዢ አንድ ባልዲ ቀለም መግዛት እንኳ ከንቱ ወጪ ነው። ግቢውን ማጽዳት፣ ወሰኑን በግልጽ ማሳየትና ሰነዱን ማሟላት ይበቃል። ለኪራይ የሚገዛ ሰው ውሃው፣ መብራቱና ጣሪያው የማያስቸግሩ መሆናቸውን እንጂ የወጥ ቤቱን እብነ በረድ አይመለከትም። ገብቶ ሊኖርበት የሚገዛ ቤተሰብ ግን ንጹሕና ብርሃን ያለው፣ ዕቃውን አስገብቶ ወዲያው ሊኖርበት የሚችል ቤት ይፈልጋል። ከዚህ በታች የሚቀርበው በአብዛኛው ለዚህ ሦስተኛው ገዢ የሚሆን ነው።

የእድሳቱን ወጪ ከፍተኛ ወሰን ማወቅ

በአካባቢው በቅርብ ጊዜ የተሸጡ፣ ስፋታቸውና ዕድሜያቸው የሚቀራረብ ቤቶችን ይፈልጉ፤ ከእነዚህ መካከል የታደሰ አንድ፣ ያልታደሰ አንድ ማግኘት ከቻሉ ሥራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው። የሚያስፈልግዎ ሻጩ የጠራው ዋጋ ሳይሆን በእርግጥ የተከፈለው ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ሊሆን ስለሚችል ከአንድ ደላላ በላይ መጠየቅ ይገባል። በታደሰውና ባልታደሰው ቤት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት፣ ገበያው ለእድሳት የሚከፍለው ከፍተኛው ገንዘብ ነው። ከዚያ በላይ የሚያወጡት ለገዢው የሚሰጡት ስጦታ ይሆናል።

ልዩነቱ 100 ነው እንበልና ባለሙያው ሥራውን በ70 እሠራዋለሁ ቢል፣ ላይ ላዩን ሲታይ 30 የሚተርፍ ይመስላል። ነገር ግን አሮጌ ነገር ሲነካ ያልታሰበ ነገር መውጣቱ ስለማይቀር ከ10 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ መያዝ ያስፈልጋል፤ 20 በመቶ ከያዙ ወጪው 84 ደረሰ። ሥራው ሁለት ወር ቢፈጅ ደግሞ የእነዚያን ወራት የብድር ወለድ፣ ግብርና ጥበቃ፣ ወይም ሌላ ቦታ የሚከፍሉትን ኪራይ መጨመር አለብዎ። በመጨረሻ የሚተርፈው ከድካሙ ጋር ሲመዘን ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆናል። ይህን ስሌት ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻው መሥራት ተገቢ ነው፤ በጅምላ ሲሰላ አንዱ አዋጪ ሥራ ሦስት የማያዋጡትን ይሸፍናቸዋል።

አንድ የማውቀው ሰው ይህን ስሌት ሳይሠራ የወጥ ቤቱን ካቢኔት ሙሉ በሙሉ አፍርሶ በሚወደው ጥቁር እንጨት አስቀየረ። ቤቱን ለማየት የመጡት ሰዎች ካቢኔቱን አድንቀው ሲያበቁ ቀጥለው ያነሱት የመኝታ ቤቱን የረጠበ ማዕዘን ነበር፤ የመጨረሻው ገዢም ዋጋ ያስቀነሰው በዚያው ማዕዘን ምክንያት ሲሆን፣ ለካቢኔቱ የጨመረው ነገር አልነበረም።

ቤቱን እንደ እንግዳ መመልከት

ዝናብ ከዘነበ በኋላ ባለው ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ ማስታወሻ ይዘው ከውጭ በር ጀምረው ክፍል በክፍል ይዙሩ። የቤቱን ሽታ በራስዎ አፍንጫ አይመኑ፤ አፍንጫ የለመደውን ሽታ ማስተዋል ስለሚተው ቤቱን የማያዘወትር ሰው ጠርቶ መጠየቅ ይሻላል። ያገኙትን ሁሉ በሦስት ይክፈሉት፦ የሚያስፈራ፣ ቸልተኝነትን የሚያሳይ፣ የምርጫ ጉዳይ። እርጥበት፣ ስንጥቅ፣ የሚያፈስ ጣሪያና የሚሞቅ ሶኬት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የተሰበረ እጀታ፣ የማይዘጋ በርና የጠቆረ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ሁለተኛው ውስጥ ይገባሉ። የወለሉ ቀለም ወይም የሴራሚኩ ዓይነት የምርጫ ጉዳይ ስለሆነ፣ ካልተሰባበረ በቀር ከዝርዝሩ ያውጡት።

እርጥበቱን ከመቀባት በፊት ምንጩን ማግኘት

ገዢን ከሁሉም በላይ የሚያሸሸው እርጥበት ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ረዘም አድርጎ መቆየት ያስፈልጋል። የተለመደው አቋራጭ ያበጠውን ቀለም ፍቆ፣ ስቱኮ ለጥፎ፣ ውሃ አያሳልፍም የተባለ ቀለም መደረብ ነው። ሥራው ለጥቂት ሳምንታት ያምራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ግድግዳው ውስጥ ያለው ውሃ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከኋላው እየገፋ ያሳብጠዋል፣ በጣት ሲነካም እየተላቀቀ ይወድቃል። ከሥሩ የሚገኘው ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ውሃው ከሲሚንቶው፣ ከጡቡ ወይም ከአፈሩ አሟሙቶ ያመጣውና ሲተን ጥሎት የሄደው ጨው ነው። ቤቱ ቀለሙ ሳያብጥ ለገዢ ቢታይ እንኳ ልምድ ያለው ገዢ ከሌላው ግድግዳ ተለይቶ የተቀባ አንድ ማዕዘን ሲያይ ምን እንደተሸፈነ ለመገመት ጊዜ አይወስድበትም።

የምልክቱ ቦታ ስለ ምንጩ ብዙ ይናገራል። ኮርኒስ ላይ ጠርዙ ጠቆር ያለ ቡናማ ክብ ከታየ የሚጠረጠረው ጣሪያው፣ አሸንዳው ወይም በላይ የሚያልፍ ቧንቧ ነው። ከወለሉ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣና አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር ያልበለጠ፣ ላይኛው ጫፉ አግድም መስመር የሠራ እርጥበት ከመሬት የመጣ ነው። ከመታጠቢያ ቤት ጋር በሚዋሰን ግድግዳ መሐል ላይ ብቻውን የቆመ እርጥበት የቧንቧ ነገር ሊሆን ይችላል። ከቁም ሳጥን ጀርባ ወይም አየር በማይደርስበት ማዕዘን የሚታዩ ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣቦች ደግሞ በአብዛኛው የሚፈጠሩት ከውጭ በገባ ውሃ ሳይሆን የክፍሉ አየር የያዘው እንፋሎት በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ወደ ውሃነት ሲለወጥ ነው።

ምንጩ አጠራጣሪ ከሆነ ቀላል ፈተና አለ። የግድግዳውን ፊት በጨርቅ ካደረቁ በኋላ፣ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ያህል የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ አየር በማያስገባ ማጣበቂያ ይለጥፉና ለሁለት ቀን ይተዉት። ጠብታው ከላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከተገኘ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ በክፍሉ በኩል ባለው ፊት ላይ ከተገኘ ችግሩ የአየር ዝውውር ነው። ለሁለተኛው ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ማራቅ፣ ሻጋታውን ማጽዳትና መስኮት የመክፈት ልማድ ሊበቃ ይችላል።

ከመሬት የሚመጣ እርጥበት ሲሆን ልስን ለማስፈረስ ከመቸኮል በፊት ወደ ውጭ ወጥቶ የግድግዳውን እግር ማየት ያስፈልጋል። ከጊዜ በኋላ የተደፋ አፈር ከቤቱ ወለል በላይ ከፍ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ይሆናል፤ ወይም የአሸንዳው መውረጃ ውሃውን እዚያው መሠረቱ ላይ ይደፋል። መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሜትሮች ውስጥ በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ጥሩ ነው። አፈሩን በአካፋ ዝቅ ማድረግና የመውረጃውን ቧንቧ አርዝሞ ውሃውን ማራቅ፣ በውድ ከሚሸጡት ውሃ ተከላካይ ቀለሞች ሁሉ የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ምንጩ ከተዘጋ በኋላ ግድግዳው እስኪደርቅ መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ወፍራም ግድግዳ ለመድረቅ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ አዲስ የሲሚንቶ ልስንም ቀለም ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል ቢቆይ ይመረጣል። ጊዜ ከሌለ ግድግዳውን ሳይቀቡ ትቶ፣ ምክንያቱ ምን እንደነበረና ምን እንደተደረገ ለገዢው ማስረዳት ከአዲስ ቀለም የተሻለ እምነት ያስገኛል።

ስንጥቅ፣ ውሃና መብራት

ልስን ላይ ብቻ የሚታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ አያሳስብም፤ በስቱኮ ተሞልቶ ይቀባል። ከ5 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው ወጣ ያለ፣ ወይም በአጠገቡ ያለው በር አልዘጋ ያለበት ስንጥቅ ግን መሐንዲስ ሳያየው መሞላት የለበትም። መሙላት መሐንዲሱ የሚያነበውን ምልክት ያጠፋል። እስኪመጣ ድረስ የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ አስምሮ ቀኑን በአጠገቡ መጻፍ፣ እየረዘመ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ይረዳል።

የተደበቀ የውሃ ፍሳሽ ለማግኘት ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግቶ፣ ቆጣሪውን አንብቦ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ማንበብ ነው፤ ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የመጸዳጃ ቤቱ የውሃ ታንከር ነው፦ ታንከሩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ ያድርጉና ውሃ ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ የሚቀየረው አንድ ትንሽ ጎማ ነው። መብራትን በተመለከተ የሚሞቅ ሶኬትና ደጋግሞ የሚወርድ ብሬከር ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን የሚያየው ነው፤ በራስ መሞከር አያስፈልግም።

መጠገን ወይስ ዋጋ መቀነስ?

አንዳንድ ከባድ ሥራ፣ ለምሳሌ ጣሪያን ሙሉ በሙሉ መቀየር፣ ያስፈልግ ይሆናል እንጂ ለሻጩ ላያዋጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ከሁለት ወይም ከሦስት ባለሙያዎች በጽሑፍ የዋጋ ግምት ተቀብሎ ለገዢው ማሳየትና በዚያ ልክ መደራደር ጥሩ መንገድ ነው። ግምቱ በእጁ የሌለ ገዢ የፈራውን ያህል ይቀንሳል፤ የተጻፈ ቁጥር የያዘ ገዢ ግን ስለዚያ ቁጥር ይነጋገራል። በብዙ አገሮች ሕግ ሻጭ የሚያውቀውን ስውር ጉድለት ቢደብቅ ከሽያጩ በኋላም ተጠያቂ ስለሚሆን፣ መግለጹ ራስንም ይጠብቃል።

ክፍል መጨመር፣ መዋኛ መሥራት፣ ግድግዳ አፍርሶ ሳሎን ማስፋት ለሽያጭ ተብሎ ባይጀመር ይመረጣል። በተለይ ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍል ዋጋ ማሳደጉ ቀርቶ የስም ዝውውሩን ሊያስቆም ይችላል።

ርካሽ ሆኖ የሚያዋጣው

ጥልቅ ጽዳት፣ ከክፍሉ ትርፍ ዕቃ ማውጣት፣ የበርና የካቢኔት እጀታና ማጠፊያ መቀየር፣ የጠቆረውን ሲሊኮን ፍቆ አዲስ ማድረግ፣ የመስኮት መስታወት ማጽዳት፦ እነዚህ ስሌት አያስፈልጋቸውም። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉት አምፖሎች የብርሃናቸው ቀለም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ለመኖሪያ ክፍል ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሚል የተጻፈባቸው ኤልኢዲዎች ይስማማሉ። የተቀላቀለ ብርሃን ንጹሑን ግድግዳ የቆሸሸ ያስመስለዋል።

ቀለም ከእነዚህ ሁሉ ብዙ የሚመልሰው ነው፤ ግን ከሌላው ሥራ ሁሉ በኋላ ይቀባል። አንድ ሊትር ለአንድ እጅ ቅብ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። 3 በ4 ሜትር የሆነና ከፍታው 2.7 ሜትር የሆነ ክፍል ግድግዳው በርና መስኮቱ ሲቀነስ 34 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ለሁለት እጅ 7 ሊትር ይበቃዋል። ወደ ነጭነት ያዘነበለ ቀለም ይምረጡ። ገንዘብ መቆጠብ ካለብዎ በቀለሙ ስም ላይ ይቆጥቡ እንጂ በሮለሩ ላይ አይቆጥቡ፤ ርካሹ ሮለር ፀጉሩን ግድግዳው ላይ ጥሎ ይሄዳል፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ በጎን ብርሃን ሁሉም ይታያል።

የተሠራውን ሁሉ ደረሰኝ፣ ፈቃድና የባለሙያ ዋስትና በአንድ ፋይል ያሰባስቡ። በልስን የሚሸፈን ቧንቧ ወይም ሽቦ ካለ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶግራፍ ያንሱት፤ ሲያነሱም ከወለሉ ጀምሮ ሜትር ዘርግተው ያንሱት፣ ቧንቧው በምን ያህል ከፍታ እንዳለፈ ገዢው ራሱ ማንበብ እንዲችል።