የኒውክሌር አደጋ ሲደርስ ምን ማድረግ ይገባል? ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ ዓመታት በኋላ

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ በሶቪየት ዩክሬን የቼርኖቢል ኒውክሌር ኃይል ማመንጫ 4ኛው ሪአክተር ሲፈነዳ፣ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የፕሪፕያት ከተማ ተኝታ ነበር። ቅዳሜ ነጋ፤ ልጆች ትምህርት ቤት ሄዱ፣ ሰዉም እንደ ወትሮው ከቤቱ ወጣ። 49 ሺህ ያህሉ ነዋሪ በአውቶቡስ መጓጓዝ የጀመረው በማግሥቱ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ አደጋው ከደረሰ 36 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ዕለቱ በእኛም በዚያ አገር ኦርቶዶክሶችም አቆጣጠር ሆሳዕና ነበር። በእነዚያ 36 ሰዓታት ውስጥ በር ዘግቶ ቤት መቀመጥን የመሰለ ቀላል ምክር እንኳ ለሕዝቡ በይፋ አልተነገረም።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ሰዓት ሲመጣ ምን ማድረግ እንደሚገባ የሚያስረዳ ነው። ኢትዮጵያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የላትም። ነገር ግን በአቡ ዳቢ ከባራካ፣ በስዊድን ከፎርስማርክ፣ በአሜሪካም በበርካታ ግዛቶች ከሚገኙ ማመንጫዎች ብዙም ሳይርቁ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች አሉ፤ የየአገሩ የአደጋ ጊዜ መመሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቋንቋቸው አይደርሳቸውም።

የሚመጣው ምንድን ነው?

የኃይል ማመንጫ ሪአክተር እንደ አቶሚክ ቦምብ አይፈነዳም። በ2011 እ.ኤ.አ. በጃፓኑ የፉኩሺማ ማመንጫ አደጋ ሕንፃዎቹን ያፈረሰው ሃይድሮጂን ጋዝ ነው። ለሰው የሚያሰጋው ከፍንዳታው ይልቅ አብሮት የሚወጣው ጨረር ያለበት ጋዝና ደቃቅ ብናኝ ነው። አውድማ ላይ እህል ሲመረት አቧራው ነፋሱ ወደ ነዳው ብቻ ሄዶ እንደሚያርፍ ሁሉ፣ ይህም ብናኝ በማመንጫው ዙሪያ እኩል ክብ ሠርቶ አይበተንም፤ በነፋስ ይጓዛል፣ ዝናብ ባገኘው ቦታም ይወርዳል። ከፉኩሺማ ማመንጫ 30 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይርቅ የነበረው የኢታቴ መንደር፣ ይበልጥ ቅርብ ከነበሩ አንዳንድ ቦታዎች የባሰ የተበከለው በዚህ ምክንያት ነው።

በብናኙ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይበቃል። አዮዲን 131 በየ8 ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ በሦስት ወር ገደማ ከሞላ ጎደል ያልቃል፤ ሲዝየም 137 በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት፣ ስትሮንቲየም 90 ደግሞ 29 ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። ሰውነት ግን ልዩነታቸውን አያውቅም። አዮዲኑን እንደ ተራ አዮዲን አንገት ላይ ወዳለው የታይሮይድ ዕጢ ያስገባዋል፣ ሲዝየሙን ፖታሲየም መስሎት ወደ ጡንቻ፣ ስትሮንቲየሙን ካልሲየም መስሎት ወደ አጥንት ይወስደዋል።

ቤት ይግቡ፣ ይዝጉ፣ ይቆዩ

ማስጠንቀቂያው እንደተሰማ በአቅራቢያ ወዳለ የጡብ ወይም የኮንክሪት ሕንፃ ይግቡ። ከመሬት በታች ያለ ክፍል ካለ እርሱ ይመረጣል፤ ከሌለ ከመስኮትና ከጣሪያ የራቀ መካከለኛ ክፍል ይሻላል። በርና መስኮት ይዝጉ፣ ኤሲውንና ከውጭ አየር የሚስበውን ማራገቢያ ሁሉ ያጥፉ፣ በበር ሥር ያለውን ክፍተት በእርጥብ ፎጣ ይድፈኑ። መኪና መሸሸጊያ አይሆንም፤ ቆርቆሮው ጨረር አያቆምም።

ለወላጅ ከሁሉ የሚከብደው ልጅ ትምህርት ቤት ሳለ ቤት መቀመጥ ነው። ሆኖም ብናኙ እያለፈ ባለበት ሰዓት ልጁን ከታሸገ የትምህርት ቤት ክፍል አውጥቶ በመንገድ መውሰድ፣ እዚያው ቢቆይ የማያገኘውን ጨረር እንዲያገኘው ማድረግ ነው። ትምህርት ቤቱ ለዚህ ቀን ምን ዓይነት ዕቅድ እንዳለው አስቀድሞ፣ በደህናው ጊዜ መጠየቅ ይገባል።

የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከአገር አገር ይለያያል። በስዊድን 7 ሰከንድ ይጮኻል፣ 14 ሰከንድ ዝም ይላል፣ እንደገና ይጮኻል፤ በዓመት አራት ጊዜ፣ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር የመጀመሪያ ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስለሚሞከር፣ በዚያች ሰዓት ሲሰሙት መደንገጥ አያስፈልግም። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ደግሞ የአዮዲን ኪኒን በቤቱ መኖሩንና የት እንደተቀመጠ አሠሪያቸውን ቀድመው ይጠይቁ። ፓስፖርቱ በእጃቸው ከሌለ ቢያንስ ፎቶው በስልካቸው ውስጥ ይኑር።

በር ላይ ልብስ ማውለቅ

ከውጭ የገባ ሰው የላይኛውን ልብስና ጫማውን በር ላይ ማውለቅ አለበት። ይህ ብቻ በሰውነት ላይ ካረፈው ብናኝ እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ያስወግዳል። ልብሱ አይራገፍም። ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ ቀስ ብሎ ይወልቃል፣ ፌስታል ውስጥ ገብቶ ይቋጠራል፣ ሰው ከማይደርስበት ጥግ ይቀመጣል። ውጭ የተለበሰ ነጠላም እንደ ጃኬት ይቆጠራል፤ ንጹሕ መስሎ ስለታየ ትከሻ ላይ ሊቀር አይገባም።

ቀጥሎ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። ቆዳን መፈተግ ብናኙን በተላጠው ቦታ ስለሚያስገባው በእጅ ብቻ በለስላሳው ይታጠቡ። ፀጉር በሻምፑ ይታጠባል፣ ነገር ግን ኮንዲሽነር ብናኙን ከፀጉር ጋር ስለሚያጣብቀው አይደረግም። በዚሁ ምክንያት ቅቤ ወይም ቅባት የተቀባ ፀጉር ደጋግሞ መታጠብ ይኖርበታል። መታጠቢያ ከሌለ እጅን፣ ፊትን፣ ጆሮንና የዓይን ቆብን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና መናፈጥ ብዙ ይረዳል። ልብሱን አውልቆ የታጠበ ሰው ለሌላው አያሰጋም፤ ጨረር እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ከፉኩሺማ የተፈናቀሉ ሰዎች በሄዱበት መገለልና መሰደብ የደረሰባቸው ይህ ባለመታወቁ ነው።

የአዮዲን ኪኒን

ስለዚህ ኪኒን የሚነገረው ስሕተት ብዙ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። የታይሮይድ ዕጢ፣ ማለትም አንገት ላይ ያለው እንቅርት የሚያብጥበት ዕጢ፣ የተወሰነ አዮዲን ከያዘ በኋላ ለጊዜው ተጨማሪ አይቀበልም። የፖታሲየም አዮዳይድ ኪኒን ዕጢውን በደህናው አዮዲን ሞልቶ ጨረር ያለበትን አዮዲን ቦታ ያሳጣዋል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው። ከሲዝየም አይከላከልም፣ ከውጭ ከሚያርፍ ጨረርም አይከላከልም፣ «የጨረር ማርከሻ» የሚለው መጠሪያም አይገባውም።

ኪኒኑ የሚጠቅመው በሰዓቱ ሲወሰድ ነው። ብናኙ ከመድረሱ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ወይም ከደረሰ በኋላ ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ከደረሰ በኋላ ባሉት 8 ሰዓታት ውስጥም ይጠቅማል። 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ስለሚችል፣ ባለሥልጣናት ውሰዱ ሳይሉ አይወሰድም። የዓለም የጤና ድርጅት ያስቀመጠው አንድ ጊዜ የሚወሰድ መጠን ለአዋቂ 130 ሚሊግራም፣ ከ3 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 65፣ ከአንድ ወር እስከ 3 ዓመት ላለ ሕፃን 32፣ ከአንድ ወር በታች ላለ ጨቅላ 16 ሚሊግራም ነው። ቅድሚያ የሚሰጣቸው ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ከኪኒኑ የሚያገኙት ጥቅም አነስተኛ ነው፤ የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

በቼርኖቢል ዙሪያ ጉዳቱን ካባባሱት ነገሮች አንዱ በአካባቢው ምግብ ውስጥ አዮዲን ማነሱ ነበር፤ የተራበ ዕጢ ያገኘውን ሁሉ ይስባል። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች እንቅርት ስንት ሰው ላይ እንደነበር የሚያስታውስ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አዮዲን ያለበት ጨው ዘወትር መመገብ ጥሩ ልማድ ነው፤ በአደጋ ቀን ግን ኪኒኑን አይተካም። በ2011 እ.ኤ.አ. የፉኩሺማ ወሬ ሲሰማ በቻይና ሰዉ ጨው ለመሸመት ተሻምቶ ነበር። ሒሳቡ ግን አያስኬድም፦ አንድ የአዋቂ ኪኒን 100 ሚሊግራም ያህል አዮዲን አለው፣ በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ካለበት ጨው ይህን ለማግኘት ከ3 ኪሎ በላይ መብላት ያስፈልጋል። ለቁስል የሚቀባው የአዮዲን ፈሳሽም መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ አይጠጣም።

ወተቱን ይተዉ

በቼርኖቢል ሕፃናትን ከሁሉ ይበልጥ የጎዳው ከአየሩ ይልቅ ወተቱ ነው። ብናኙ ሣር ላይ አረፈ፣ ላም ጋጠችው፣ በጥቂት ቀናትም አዮዲኑ ወተት ውስጥ ታየ፤ እናቶች የሚያውቁት ነገር ስላልነበረ ለልጆቻቸው አጠጡ። በአደጋው ጊዜ ልጆችና ታዳጊዎች ከነበሩት መካከል እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ታማሚዎች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ታክመው ድነዋል። በአንጻሩ ጎረቤት ፖላንድ ከአደጋው ሦስት ቀን በኋላ ጀምራ ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጡ ልጆች አዮዲን ሰጠች፣ ሣር የጋጡ ላሞችን ወተት ለልጆች ከልክላም የዱቄት ወተት አከፋፈለች።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአካባቢው የተገኘ ትኩስ ወተት፣ እንደ ጎመንና ሰላጣ ያለ ቅጠሉ ሰፊ አትክልት፣ የዝናብ ውኃም አይወሰድ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ጨረር አያጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይወፍራል። የታሸገ ምግብ፣ አስቀድሞ ፍሪጅ ውስጥ የነበረ ነገርና የታሸገ ውኃ ጣሳው ወይም ጠርሙሱ ከላይ ከተጠረገ በኋላ ያለ ስጋት ይበላል፣ ይጠጣል። በማርች 2011 በቶኪዮ አንድ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ በኪሎ 210 ቤክሬል (የጨረር መለኪያ ነው) አዮዲን 131 ተገኘ። ለጨቅላዎች የተፈቀደው 100 ስለነበር የቧንቧ ውኃ እንዳይጠጡ ተነገረ፣ መጠኑ ሲወርድም በማግሥቱ ማስጠንቀቂያው ተነሣ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲሰማ ቁጥሩንና ለማን እንደተባለ አስተውሎ መስማት ይገባል።

ውጡ ሲባል

ያለ ትእዛዝ በመኪና መሸሽ አንዳንዴ ሰውን ወደ ብናኙ ይመራዋል። ከፉኩሺማ አጠገብ የነበሩ የናሚዬ ከተማ ነዋሪዎች ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ቹሺማ ሸሹ፤ ነፋሱም በዚያው አቅጣጫ ነፈሰ። የብናኙን መንገድ የሚተነብይ የመንግሥት ሥርዓት ነበረ፣ ትንበያው ግን በጊዜው አልደረሳቸውም። ስለዚህ «ውጡ» መባሉን ብቻ ሳይሆን «በየት በኩል» የሚለውን ይጠይቁ። መስኮት ተዘግቶ፣ የመኪናው አየር ከውጭ እንዳይስብ ተደርጎ ይነዳል። ሰነድ፣ የዘወትር መድኃኒት፣ የታሸገ ምግብ፣ የስልክ ቻርጀርና ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ይበቃል።

ታማሚና አዛውንት ያለበት ቤት የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ከ150,000 በላይ ሰው በተፈናቀለበት በፉኩሺማ አውራጃ፣ ከመፈናቀሉ እንግልትና ከኑሮ መናጋት ጋር በተያያዘ ከ2,000 በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ከሆስፒታል ወጥተው ያለ ሐኪም ለረጅም ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ የቆዩ ሕመምተኞችም ሕይወታቸው አልፏል። አልጋ ላይ ያለን ሰው ለማንቀሳቀስ ተሽከርካሪውና ተቀባዩ ተቋም እስኪዘጋጁ በታሸገ ክፍል ማቆየቱ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

መሬቱና ዱሩ

በቼርኖቢል አጠገብ የነበረው የጥድ ደን በጥቂት ሳምንታት ቀልቶ ደረቀ፣ እስከ ዛሬም «ቀዩ ደን» ይባላል። ዛሬ ሰው በለቀቀው ክልል ተኩላና አጋዘን ይመላለሳሉ። ይህ ግን ምድሩ ነጽቷል ማለት አይደለም፤ አዳኝና አራሽ የለም ማለት ነው። ሲዝየም ከላይኛው የአፈር ሽፋን ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ በፉኩሺማ አፈሩ ተልጦ ከ13 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ በጊዜያዊ ማከማቻ ተከምሯል፤ በሩዝ ማሳዎችም ተክሉ ሲዝየሙን እንዳይስብ የፖታሲየም ማዳበሪያ ተጨምሯል። ወደ ተመለሱበት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚለካው ውኃ የሚጠራቀምበት አሸንዳና የጓሮው ቅጠል ክምር ነው። ቅጠሉና እንጨቱ አይቃጠል፤ ጭሱ ብናኙን እንደገና ያስነሣዋል። እንጉዳይና የዱር ሥጋ ሳይለካ አይበላም፤ በጀርመን ባቫሪያ የዱር አሳማ አሁንም የሚመረመረው በዚህ ምክንያት ነው፣ በዌልስም ከቼርኖቢል በኋላ በበጎች ላይ የተጣለው ገደብ የተነሣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው።

ማመንጫ በሌለበት አገር

ኃይል ማመንጫ የሌለበት አገር ሁሉ ከጨረር አደጋ ነፃ ነው ማለት አይቻልም። በሴፕቴምበር 1987 እ.ኤ.አ. በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ፣ ከተተወ ክሊኒክ ውስጥ የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ የነቀሉ ሰዎች ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ውስጡ የነበረው የሲዝየም ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ስለሚያበራ ቤተሰብና ጎረቤት እየመጣ አየው፣ ተከፋፈለው፣ ሰውነቱንም ተቀባው። 4 ሰዎች ሞቱ፣ 249 ተበከሉ፣ ከ110,000 በላይ ሕዝብ ተመረመረ። በኛም አገር ቁራሌው አሮጌ ብረት ከየሰፈሩ ይሰበስባል፤ ስለዚህ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ ሦስት ክንፍ ያለው የጨረር ምልክት የተለጠፈበት ወይም በጨለማ የሚያበራ ነገር ያገኘ ሰው አይክፈተው፣ አይስበረው። ከአጠገቡ ይራቅ፣ ሌላውንም ያርቅ፣ እጁን ይታጠብ፣ ለፖሊስ ያስታውቅ። በጎያኒያ ነገሩን ተጠራጥራ ዕቃውን በከረጢት ወደ ጤና ቢሮ የወሰደችው የነጋዴው ባለቤት አደጋው እንዲታወቅ አድርጋለች፤ የሄደችው ግን በሕዝብ አውቶቡስ ነበር፣ እርሷም ከሟቾቹ አንዷ ሆናለች። ዕቃው ካለበት ሳይነሣ ባለሙያው ወደዚያው ይጠራ።